የለቀምኳት ጠቅታ

ወንድምዓለም ዴዝሞንድ፣

ከሰላምታ በፊት ነገር ማስቀደም ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ዛሬ ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ እዚያው ላይ ደብዳቤውን እንደምዘጋው ስለማውቅ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ከሁሉ በፊት ጻፍኩት። ባሌ አሌክ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን የአውሮፕላኑን የሜቤልን ሞተር መታመም በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። ሰምቼም ዝም አልኩ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበለኝ። እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህ በዚያ አገር ክረምት እንዴት ያደርግሃል? የባለቤትህ የኖሊንስ ሳል ለቀቃት? የልጅህ የብሪዲ ሕፃን ቆሞ መሄድ ጀመረ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ይሄኔ መሮጥ ሳይጀምር አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ ማለት ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ከሐሙስ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ምን እንደምሠራ አንተ ታውቃለህ። ኖሊን ግን ደብዳቤውን ማንበቧ አይቀርምና ለእርሷ ስል ልድገመው። ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው አሮጌ አውሮፕላን በኮምፒውተር የሚያበሩበት ጨዋታ አለ፤ እኔ ለዚያ ጨዋታ የሞተር ድምፅ አዘጋጃለሁ። ማይክሮፎኖቹን በበግ ፀጉር ጠቅልዬ፣ አንዱን ከጭስ ማውጫው አጠገብ፣ አንዱን ከሞተሩ ክዳን ሥር፣ አንዱን ከአብራሪው ወንበር ጀርባ አስራለሁ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙሩ፣ ይነሣል፣ ነዳጅ እየተጨመረለት ደረጃ በደረጃ ይፈጥናል፣ በየደረጃው ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። ቤቴ ገብቼ ከየደረጃው ሁለት ሁለት ሰከንድ ቆርጬ ጫፉን ከጫፉ እገጥማለሁ፤ ተጫዋቹ እስኪበቃው ድረስ ያቺው ሁለት ሰከንድ ትዞራለች። በውስጧ አንዲት ጠቅታ ከቀረች ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት እየተመላለሰች ሁሉን ነገር መጫወቻ ታስመስለዋለች። ስለዚህ ከሥራችን አብዛኛው ለቀማ ነው። የወፍ ድምፅ፣ የበር ሲጥታ፣ የሽቦ መንቋቋት፣ ሁሉንም እንደ እንክርዳድ እንለቅማለን። ጆሮ ይህን አንዴ ከለመደ ጠቅታ ሁሉ እድፍ ይመስለዋል።

ሜቤልን የቀዳሁ ዕለት ጠዋት አሌክ በአውሮፕላን ማደሪያው በሃንጋሩ ሰዎች ፊት ቀልዶብኝ ነበር። «ሄዚል መጽሐፍ ትበላለች፤ ጦሙን የሚያድረው ግን እኔ ነኝ» ሲል ሁላችሁም ሳቃችሁ። አንተም ስቀሃል፤ አልቀየምኩህም። ነገር ግን በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ መጽሐፍ በሚያዞረው መኪና ደረጃ ላይ ቆሜ ያገኘኋትን ንባብ መሳቂያ ማድረጉ ከነከነኝ። ቤት ገብቼ ሳላናግረው ሥራዬን ጀመርኩ።

በሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር ካለው ማይክሮፎን፣ ጠቅ የምትል ነገር ሰማሁ። የላላ ሽቦ ነው ብዬ ለቀምኳት። በአራተኛውም ነበረች። የላላ ሽቦ የሚከተለው ነፋሱን ነው፤ እርሷ ግን ሞተሩ ሲፈጥን ትፈጥናለች፣ ሲዘገይ ትዘገያለች። ይህን አስተውያለሁ ዴዝሞንድ። አላስተዋልኩም ብል ውሸቴን ነው። አሌክ በሚቀጥለው ክፍል ሻይ እያፈላ ነበር፤ የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። ልጠራው ተነሣሁና «መጽሐፍ በሊታዋ ደግሞ መካኒክ ሆነች?» የሚለኝ መሰለኝ። መጀመሪያ እርሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ አንድ በአንድ ለቅሜ ጨረስኩ፤ ድምፁም እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ።

በማግሥቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አሌክ ከጎመን እርሻው በላይ እያበረራት ሳለ፣ የሜቤል ሞተር ጠፋና አኻያ ዛፎቹ ላይ ወደቀች።

የቀረውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። መርማሪዎቹ ሞተሩ በእሳቱ ስለቀለጠ ምክንያቱን ማረጋገጥ አልተቻለም ብለው ጻፉ። ለመንደሩ ሰው ግን ማረጋገጫ አላስፈለገውም፤ የመጨረሻውን ፍተሻ የፈረምከው መካኒክ አንተ ነበርክ። «እህቱን መበለት ያደረጋት እጅ» ሲሉህ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ከሁሉ በኋላ የሰማኸው አንተው ነህ። በመጠጥ ቤቱ ከጎንህ ያለው ወንበር ባዶውን መዋል ሲጀምር አይቻለሁ። ጓዝህን ጠቅልለህ ወደ ኖሊን አገር ወደ ኒው ዚላንድ የሄድክ ቀን፣ ባቡር ጣቢያው ላይ «እታለም፣ አንቺስ ታምኚኛለሽ?» አልከኝ። «አምንሃለሁ» አልኩህ። እውነቴን ነበር፤ ከማንም ይልቅ ላምንህ የምችልበትን ምክንያት ግን ደብቄህ ነው የሸኘሁህ። መርማሪዎቹ ቀረጻውን ሲጠይቁኝ የሰጠኋቸው የተለቀመውን ነው። ያልተለቀመው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአሌክ መነጽር ጋር፣ አሥራ አንድ ዓመት ቁም ሣጥኔ ላይ ኖሯል።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት የሆነውን ስማኝ። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ጆስሊን፣ ከሜቤል ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ያላት አውሮፕላን ገዝታለች። ነገ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ የበጋ በዓል ላይ ዕጣ የደረሳቸውን ሰዎች እየጫነች ልታዞር ነበር። እኔም ጨዋታውን የሚሠሩት ሰዎች አዲስ ቀረጻ ስለጠየቁኝ ማይክሮፎኖቼን አሰርኩ። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሰማኋት። ጠቅ። እጄን አውለበለብኩና ጆስሊን ሞተሩን አጠፋችው። ካንተ በኋላ መካኒክ የሆነው ዊልፍ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው አሁን፣ «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?» አለኝ። ጠቅ የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ አልኩት። «እኔስ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ደወል አለ፤ ማን በረራ አቆመልኝ?» አለ። ጆስሊን ሳቀች። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ሽቦው ነው የላላው» ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አሮጌውንና አዲሱን በስክሪኑ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሁለቱ ጠቅታዎች እንደ መንታ ልጆች አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል። ከነገዎቹ ተሳፋሪዎች አንዷ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ ዕጣውን ያስቆረጥኳት እኔው ነኝ።

ትናንት ጠዋት ዊልፍ ሃንጋሩን ሳይከፍት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ማዳመጫውን በደህናው ጆሮው ላይ አደረግኩለት። አዲሱን ሰምቶ «ይሄ ሽቦ አይደለም» አለ። አሮጌውን አሰማሁት። «ይሄማ ያው ነው፤ ምን ትደግሚብኛለሽ?»

«ያው አይደለም ዊልፍ። ሜቤል ናት» አልኩት።

ማዳመጫውን አውልቆ የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ያንን ልጅ በመጠጥ ቤቱ ጀርባዬን ስሰጠው ከረምኩ» አለ። አንተን ማለቱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ «አንቺ ደግሞ እያየሽኝ» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ የአውሮፕላኑን ፕሮፔለር በሰንሰለት አሰረና ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ጆስሊን መጥታ «ሽማግሌው ጃጀ እንዴ?» ብላ ተቆጣች፤ ድምፁን ስትሰማ ግን ቁጣዋ በረደ። «ስንቱን ልጅ ተቀብዬ ይሄን የልብ ምት እንዴት ሳትኩት?» አለች።

ሞተሩ ሰኞ ይፈታል። ዊልፍ ድምፁ ከኋላ ካሉት የማርሽ ጥርሶች ይመስለኛል ይላል፤ እዚያ ደግሞ ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ በቀር የማንም መካኒክ ዓይን አይደርስም። «ሳላይ ግን አልምልም» ብሏል። የምፈራው እዚህ ላይ ነው። ከጥርሶቹ ከሆነ፣ ያላጠፋ ሰው ባልሠራው ሲሰደብ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብዬ አይቻለሁ። ከጥርሶቹ ካልሆነ፣ በአንተ እጅ ካለፈ ብሎን ከሆነ፣ ራስህን የምታጽናናባትን ጥርጣሬ እኔው ነጥቄሃለሁ ማለት ነው። ሰኞን ጠብቄ መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን ሰኞ የሚወጣው ምንም ይሁን ምን የእኔን አይለውጠውም። ሰምቻለሁ፤ ተነሥቼ አሥር እርምጃ ብሄድ አሌክ በማግሥቱ አይበርም ነበር።

ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። መልስ እንዳትነፍገኝ እፈራለሁ፤ መልስህ ሲመጣም ፖስታውን መክፈት እፈራለሁ። ቢሆንም ጻፍልኝ።

ኖሊንን ሳምልኝ። ይህን ካነበበች በኋላ ሰላምታዬን ባትቀበል አልፈርድባትም። ብሪዲንና ባሏን ክሬግን፣ ለመሳም ያልታደልኩትን ሕፃኑን ቶቢን፣ ጉልበትህን እየደገፈ የሚያንሸራሽርህን ውሻህንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ሄዚል
ሃልተን ፌን፣ ሊንከንሻየር
ቅዳሜ፣ ጁላይ 13 ቀን 2019

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አንደኛው ቅጂ ካልተለቀመው ቀረጻ ጋር ለአደጋ መርማሪዎቹ ይሄዳል። ሁለተኛውን ዊልፍ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ በመጠጥ ቤቱ፣ ጀርባቸውን በሰጡህ ሰዎች ፊት ያነበዋል፤ እኔም ባዶውን ይውል በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። መልስህን ሳልጠብቅ ያደረግኩት፣ መጠበቅ ከጀመርኩ እንደገና ዝም እንደምል ስለማውቅ ነው። ይህኛው፣ መጀመሪያ የጻፍኩት፣ የወንድሜ የዴዝሞንድ ነው።