ለጥሩነሽ ፎቶ የተሠራ ዝናብ

ሰኔ 26 ቀን 99 ዓ.ም.፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም የዝናብ ጠብታው ብጉር መሰለ። ፎቶዋ ላይ ስድስት ሠራሁ፣ ስድስቱንም አጠፋሁ። ኮምፒውተር ላይ ፎቶ የምሠራበት የፎቶሾፕ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ በቀን ሁለት ገጽ እገፋለሁ። ልጄ ማህሌት የሚያስተምር ሰው ላምጣ አለች። እምቢ አልኩ። ፊልም ማጠብንም ማንም አላስተማረኝም።

የጥሩነሽ ሙት ዓመት ሐምሌ 16 ነው። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶዋ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት የጅማን ሰው አነሳሁ፤ የሚስቴ ግን ያለኝ አንድ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ።

ሰኔ 28፣ ከሰ. 10

አንተ ደብተር፣ ጠብታውን ለምን እንደፈለግኩ ላንተ ብቻ ልንገርህ። አንድ ክረምት ከገበያ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ስቱዲዮ ገባች። ፀጉሯ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ውሃው ተንጠልጥሎ፣ እየሳቀች። "አሁን አንሳኝ፣ እንዲህ እንዳለሁ" አለች። ፊልም ለደንበኛ ነው አልኳት። ደንበኛ አልነበረም። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

የምሠራው ያንን ነው።

ሰኔ 30፣ ጠዋት

ዝናብ። ከጓሮ ኮባ ቆርጬ በዓይን መድኃኒት ጠርሙስ ውሃ አንጠባጠብኩበት። በማጉያ መነጽር አየሁ። ስህተቴ ተገኘ። ብርሃን ከግራ ሲመጣ ጠብታው ውስጥ የሚበራው ቀኙ ነው፤ ግራው ይጨልማል። ጨለማው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። ጥላው ከታች በቀኝ፣ ቀጭን። እኔ ገልብጬው ኖሯል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከድር በበር ብቅ አለ። "ማሎ፣ ኧረ ጋሽ ደምሴ! ዝናቡ ደጅ ሞልቶ እርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ያዘንባሉ?" ሥራህን ሥራ አልኩት። ከሄደ በኋላ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሐምሌ 4፣ ከሰ. 9፡30

ወጣልኝ! ከግንባሯ በላይ፣ ፀጉሯ ላይ፣ አንድ። የእውነት ውሃ። ልጠርገው ጣቴን ሰደድኩ። የኮምፒውተሩ መስታወት ሞቃት ነው።

10፡00። መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግኩትም ነበር።

ሐምሌ 9፣ ከሰ. 11

አለቀ። አሥራ አንድ ፀጉሯ ላይ፣ አራት ፊቷ ላይ። ማህሌትን ጠራሁ። ከምትኖርበት ከሰቶ ሰመሮ በእግሯ መጣች። ብዙ አየች። ከዚያ፣ "አባባ፣ እማማን እኮ አስለቀሷት።"

ዝናብ ነው አልኳት። ብርሃኑን አስረዳሁ፣ ጥላውን አስረዳሁ። አንዱም ጠብታ አልተሳሳተም። ዝናብ የመታው ሰው ፊቱ እንዲህ አይሆንም አለች። ጮኽኩባት። ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች። ደህና ያምሹ እንኳ አላለችኝም።

ሐምሌ 10

ከጉንጯ አነሳሁ። የፀጉሯ ብቻ ቀረ። ያው ናት፣ ታለቅሳለች። ውሃው አይደለም፤ ፊቷ ነው። ለመታወቂያው ሳነሳት አትሳቂ ብያት ነበር። ለሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የምለው። እሷ ግን ወዲያው ታዘዘችኝ።

ፕሮግራሙ ከንፈርም ያነሳል። የአፏን ዳር በጥቂቱ ሳብኩ። የማላውቃት ሴት ሳቀችብኝ። ቶሎ አጠፋሁ።

ሐምሌ 12፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጠብታዎቹን በሙሉ ሰረዝኩ። ጉርድ ፎቶው እንዳለ ይተልቃል፤ ነገ ይታተማል።

ዘመዶቿ ከሰቃ ይመጣሉ። ባሏ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሌላ ፎቶ የላትም ወይ ይሉኛል። አንሳኝ ብላኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ቆሜ። ሰው ሁሉ እየሰማ።

ማህሌት ግን ከሰው ጋር አትሰማውም። ቀድማ ከእኔ ትስማ። አሁን ወደ ቤቷ እሄዳለሁ። በሩን ከከፈተችልኝ፣ ሳልቀመጥ እነግራታለሁ።