ከተቀበሩ የግመል ግልገሎች ድጋሚ ናሙና ለጠየቁኝ ኃላፊ

ለክቡር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ሆድዎም ከቁርጠት የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከባለቤቴ እኅት ጋር ግመል የማረባ፣ ባለፈው ወር ዘጠኝ ግልገሎች የነበሩኝ ሴት ነኝ። ዛሬ ሁለት ቀርተውኛል፤ ስለ ሰባቱ ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው።

፩. ግልገሎቹ መጥባት ትተው ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሲያጣድፋቸው፣ መሥሪያ ቤትዎ አንዱንም ሳያይ የሆድ ትል መድኃኒት ስለላከልን እናመሰግናለን። ትል ኖሮባቸው ቢሆን ትሉ በእርግጥ ይሞት ነበር።

፪. የሦስቱን ናሙና በበረዶ ሸፍኜ፣ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ሳመጣ፣ የመዝገብ ሠራተኛዎ ቅጹ ላይ ላም፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ እንጂ ግመል እንደሌለ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ኋላም «ዶሮ ብዬ ልመዝግብልሽ፤ ዋናው መመዝገቡ ነው» አሉኝ። ይህን ውሳኔ የሚያጸድቅ ፊርማ እስኪገኝ በረዶው ኮሪደር ላይ ቀልጦ አለቀ።

፫. በሃያኛው ቀን፣ ናሙናው ስለተበላሸ ከነዚያው እንስሳት በድጋሚ እንዳመጣ የሚያዝ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሦስቱም ከተቀበሩ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ለክቡርነትዎ መጥቀስ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ሁለቱ እንዴት ተረፉ ብለው እንደማይጠይቁ ባውቅም ልንገርዎ። ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ጎረቤታችን ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው ሲመለሱ በረቱን አዩና፣ ይህ የአንጀት ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፣ የሚገድላቸውም የውሃቸው ማለቅ ነው አሉን። የታመሙትን ለይተን፣ አፍልተን ባቀዘቀዝነው ውሃ ጨውና ስኳር በጥብጠን በየሰዓቱ አጠጣን። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ቆመው ጠቡ። የሚያንገበግበኝ የምክሩ ቅለት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በስልክ ሊነገረኝ ይችል ነበር። ከሞቱት የአንደኛው እናት ዛሬም ልጇ የተኛበትን አፈር እያሸተተች ወተቷን ትከለክለናለች።

ፈጣሪ ከሥራ ብዛት ይሰውርዎ እያልኩ፣ ክቡርነትዎን በሩቅ የማደንቅ፣ በቅርብ ግን አግኝቼ የማላውቅ፣

አንዲት ግመል አርቢ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ስለ ግልገሎች ጤና ከተካሄደው ዐውደ ጥናት ሲመለሱ መኪናዎ በበረታችን አጠገብ አለፈ። ሰባተኛውን እየቀበርን ነበር። መስኮቱ ዝግ ስለነበር ሽታው እንዳላስቸገርዎ ተስፋ አደርጋለሁ።