የእቴቴ አንገት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም ያበላሸሁት ይበልጣል። ከሥራ ስወጣ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሜ አሥራ ሰባት ፎቶ አነሳሁ፤ የወደድኩት አንዱን ብቻ ነው። ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት፣ ከዚያ ብዥታውን ትንሽ ጨመርኩበት። የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የታክሲው መብራት፣ ዣንጥላ የያዘችው ሴትዮ፣ ሁሉም ጠርዙ ለሰለሰ። ይሄን ሶፍት ፎከስ የሚሉትን ነገር የጀመርኩት እቴቴ ከሞተች ወዲህ ነው። ጥርት ያለ ነገር ማየት አልቻልኩም። ከተማው ለስለስ ሲል እኔም ትንሽ ይቀለኛል።

እቴቴ አክስቴ ናት፤ ግን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሌላ እናት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

መስፍን ደወለ፤ የእቴቴ ልጅ። እሑድ አርባዋ ስለሆነ ትልቅ ፎቶ አሠርተን ቤት እንስቀል አለ። ያለን ደህና ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ መስከረም አንድ እንጦጦ ራጉኤል ሄደን ያነሳኋት። ፎቶ አትወድም ነበር። ያን ቀንም ከተማውን ነው የማነሳው ብዬ አታልያት ነው። ነፋሱ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለው፣ እሷም አልመለሰችውም። የአንገቷ ንቅሳት ታየ።

ባለፈው ሳምንት ሠርቼ የጨረስኩትን ላክሁለት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ለስላሳ። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ደወለ።

"ቆንጆ ነው። ንቅሳቷስ?"

አየሁት። አንገቷ ልሙጥ ነው፤ የሕፃን አንገት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዋናው ፎቶ የለም። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ያስተካከልኩትን በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ። ያልፈለግኩበት የለም፤ የስልኩ ቆሻሻ ቅርጫት፣ ቴሌግራም፣ ላፕቶፑ፣ መሥሪያ ቤት ያለው ፍላሽ። ምንም። ጥራቱን መልሼ ስጨምረው ፊቷ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። አንዴ የደበዘዘ እንደማይመለስ እንኳ አላውቅም፣ ጉደኛዋ ፎቶ አንሺ! ፎቶ ቤቶች "ፊትሽን ላጽዳልሽ?" ሲሉኝ ስንቴ ስቄባቸዋለሁ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ አጸዳኋት።

መስፍን የመታወቂያዋን ፎቶ ላከልኝ። ነጠላዋ እስከ አገጯ ድረስ ተስቧል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ይሄን አልጽፍም ብዬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ወላጅ አምጡ ተባልን። "ስትመጪ አንገትሽን ሸፍኚው" አልኳት እቴቴን። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ነው። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ መጣች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም ቢሆን እኔ ፊት ገልጣው አታውቅም፤ እስከ መስከረም አንድ ድረስ። ያን ቀን ረስታው ይሁን ወይ ይቅር ብላኝ፣ ማን ይነግረኛል? እኔ ግን ያሳየችኝን ንቅሳት ደግሜ አጠፋሁት። አንዴ በልጅነቴ፣ አንዴ በሠላሳ አራት ዓመቴ።

መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ለመስፍን ሁሉንም ነገርኩት፤ የዘጠነኛ ክፍሉንም። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "አሳትሚውና በእርሳስ ሳዪው። ስታዪው አይደል ያደግሽው?" አለኝ።

አሳተምኩት። እርሳስ ያዝኩ። ስንት ረድፍ ነበር? ሦስት እላለሁ። መስፍንም ሦስት ይመስለኛል ይላል፤ ወንድ ልጅ የእናቱን አንገት ይቆጥራል እንዴ። መስከረም አንድ ዕለት እንኳ ያየሁት ስልኬን እንጂ እሷን አይደለም። አንድም መስመር ሳላሰምር ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት እማማ ወርቄ ቤት ሄድኩ። የእቴቴ ጎረቤት ናቸው፤ አጥበው የገነዟትም እሳቸው ናቸው። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርጌ፣ ሦስት ረድፍ አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"አራት ነው፣ ልጄ። አራተኛው እዚህ ነው" አሉና ከአንገታቸው ግርጌ በጣታቸው አሳዩኝ። "ሃያ ዓመት ሸፍናብሽ ከየት ታስታውሺው።"

ሊወቅሱኝ ፈልገው አይደለም። የጠየቅኋቸውን ነው የመለሱልኝ። እሱ ነው የገደለኝ።

እዚያው እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሳልኩት። ወረድ አድርጊው፣ ጠጋ አድርጊው ይሉኛል። አራተኛው ላይ ስደርስ መስመሩ ተጣመመ። ላጲስ ስፈልግ እጄን ያዙኝ።

"ተዪው። የሷም እዚያ ጋ ጠማማ ነው። ሲነቅሷት አሟት ዘወር ብላለች።"

ለእኔ ይሄን ነግራኝ አታውቅም። እውነት ይሁን ወይ እኔን ለማጽናናት ያሉት፣ አላውቅም። አላጠፋሁትም።