ዘፈን ላስተማርከኝ፣ ላላዘፈንከኝ አባቴ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። በቁምህ አንቱ እንጂ አንተ ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ግን ተናድጃለሁና አንተ ልበልህ። ሰው ስለ ሟች ክፉ ከመናገሩ በፊት ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል። እኔን ያድርገኝ። ዓመቱን ሙሉ ልውጠው ሞከርኩ፣ አልወርድ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ማራገቢያውን፣ ያንን ቫንቲላተር፣ አበራሁት። ነፋሱ የድምፅ አውታር ያደርቃል እያልክ፣ የሰፈራችን የካርቲየ ሁለት የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ምጣድ በሚግልበት ወር እንኳ በትምህርት ሰዓት ታጠፋብን ነበር። ላባችን እየተንጠባጠበ ስለ ጉሮሮ እርጥበት ታስተምረን ነበር። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። ሳንባና ጉሮሮ የሣልክበትን ሰሌዳ ደግሞ ለጎረቤታችን ለሀዋ ሰጠኋት፤ የፍየሎቿ በረት መዝጊያ አድርጋዋለች። ሳንባው አሁንም ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰሌን ላይ በጀርባዬ አስተኝተህ፣ ሆዴ ላይ የሩዝ ከረጢት ጭነህ፣ ተንፍሺ ስትለኝ አደግኩ። የጎን አጥንት እንዴት እንደሚከፈት፣ ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ መቼ እንደሚወርድ፣ ባቲ ከአምባሰል በምን እንደሚለይ ተኝቼም እነግርሃለሁ። አንድ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ፊትህ ዘፍኜ አላውቅም። ልጀምር ስል እጅህን ታነሣና ያንኑ ቃልህን ትደግመዋለህ፦ «ከየት እንደሚመጣ ያላወቅሽውን ድምፅ አታውጪ።»

ለእኔስ ይሁን፣ ልጅህ ነኝ። የዓርብ ተማሪዎችህ ምን አደረጉህ? ኤሮን ከሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ቤቶች የሚመጡ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ድምፃቸውን ቀንሰው ለአሠሪያቸው ዊ ማዳም፣ እሺ እመቤቴ ሲሉ ከርመው፣ አፋቸውን የሚከፍቱባት ቀን ዓርብ ብቻ ነበረች። አንተ እሷንም በሥዕል ፈጀሃት። ብርቄ ትዝ ትልሃለች? አንተ ስለ አተነፋፈስ ስታብራራ አላስችል ብሏት ማንጎራጎር የጀመረችው። በአፍንጫ የሚዘፍን ሰው እኔ ቤት ቦታ የለውም ብለህ በሰው ፊት አስወጣሃት። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

እንግዲህ የለቅሶህን ቀን ስማ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተጣለ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ልጅ ናት፣ የዘፈን መምህር ልጅ ናት፣ ሙሾውን ታውርድ ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። ትከሻዬ ዝቅ ብሏል፣ ጎኔ ተከፍቷል፣ ትንፋሼ ሞልቷል፤ ሁሉም አንተ እንዳልከው ነበር። ድምፁ ግን አልወጣም። አንጀቴ እያረረ ስለ ድያፍራሜ አስብ ነበር። አንዲት ሴትዮ ልበ ደንዳና ናት ስትል ሰማኋት። አባቷን አልቅሳ ያልቀበረች ልጅ አደረግከኝ፣ አባዬ፤ ይህን ይቅር የምልበት ሆድ የለኝም።

ያኔ ከኋላ ብርቄ ተነሣች። ማዳምን ፈቃድ ለምና ነው የመጣችው። ደረቷን እየመታች በዚያው በአባረርከው አፍንጫዋ አወረደችው፦

ዝም በሉ እያለ ሲያስተምር የኖረው፣
ዛሬስ ዝም አለና ራሱ ተማረው።

ድንኳኑ ተንጫጫ። አንዳንዱ እያለቀሰ ነጠላው ውስጥ ሳቀ።

ከአርባህ በኋላ ተማሪዎችህ ዓርቡን ቀጥይልን ብለው መጡ። እልህ ነበረኝና አንዲት ቃል ሳላስተምር ዝፈኑ አልኳቸው። ዘፈኑ አይባልም፣ ጮኹ። በተለይ ብርቄ ጉሮሮዋ እስኪላጥ ጮኸች። በሳምንቱ ስትመጣ ድምፅዋ ሻክሮ፣ ማዳም አሞሻል ወይ እያለች እንደምታስቸግራት ነገረችኝ። ሳላስበው እጄ ጎኗ ላይ አረፈ። ከዚህ ተንፍሺና ያንኑ ስንኝ ድገሚው አልኳት። ስትደግመው ያ ሁሉ ድምፅ ሳያማት ወጣ። ደንግጣ አየችኝ። እኔ ግን ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ያንተ ትምህርት ነበር።

ዕውቀትህ ውሸት በሆነ እንዴት በቀለለኝ። እውነት ነበር። ዳቦውን ይዘህ ለተራበ ሰው ስለ እርሾው ስታወራ ኖርክ፤ የማልምርህም ለዚህ ነው። አሁን ዓርብ ዓርብ መጀመሪያ ይዘፍናሉ። የሚያማቸው ቦታ ሲደርሱ ካንተ አንዲት ነገር አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ተመልሰው ይዘፍናሉ። አሸነፍኩ እንዳትል።

አንድ ነገር ብቻ በደግ አነሣልሃለሁ። አንድ ጠዋት ጓሮ ጢምህን ስትላጭ ስታንጎራጉር ሰማሁህ። ትከሻህ ተሰብስቦ፣ አንገትህ ተጣሞ፣ ዜማው በአፍንጫህ ይወጣ ነበር። እንደዚያ የሚያምር ነገር ካንተ ሰምቼ አላውቅም። ስታየኝ እንደ ሌባ ደነገጥክና አቋረጥከው። ምነው ባልመጣሁ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። አንተም እንደ እኛ ትፈራ ነበር ለካ።

ለሙት ዓመትህ ድንኳን ይጣላል። ሙሾውን የማወርደው እኔ ነኝ፣ ለብርቄም ነግሬያታለሁ። የምጀምርልህ በዚያች ባቋረጥካት ዜማ ነው፣ በአፍንጫዬ። እሷን እየጨረስኩ ነው የማስታውስህ፣ ዘንድሮም፣ በየዓመቱም። ድምፄ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ልትቆጣ ከፈለግክ ተቆጣ፤ እጅህን ግን አታንሣብኝ።

ልጅህ