መዳፌ ላይ የጻፍኩት

እህት ዓለም፣

እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው በወረቀት። ልጁን ይዤው ወጥቻለሁ፤ መዋዕለ ሕፃናት አድርሼው ወደ ነርስነት ፈተናዬ እሄዳለሁ።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ። ትንሽ አርሯል፣ ከላይ ከላዩን ብዪ።
ለቧንቧ ሠራተኛው ደውዬለታለሁ፤ ይመጣል ብዬ ግን አልምልልሽም።

የትናንቱ ነገር።
ከሥራ ወጥቼ፣ ልጄ የሚውልበትን መዋዕለ ሕፃናት በአውቶቡስ አልፌው መጥቼ፣ እቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። አንቺ እጁን ይዘሽ በሩን እስክትከፍቺ ድረስ እንዳላመጣሁት ትዝ አላለኝም። ጭራሽ ቀና ብዬ «መጣችሁ?» አልኩሽ።

አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጫማውን አወለቅሽለት።
ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ አልመጣልኝም።

ባለፈው ሳምንት «አንድ ቀን እንኳ ተኚ፣ ፈተናው የትም አይሄድብሽም» ስትዪኝ፣ በሆዴ «ቀናችብኝ» ብዬ ነበር።
እሱንም እወቂው።

ዛሬ ጠዋት መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ «ልጄን ማምጣት» ብዬ ጻፍኩ። ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ፤ እጁ ላይ ጽሑፍ ያለበትን ሰው ፈተና ክፍል አያስገቡም። በር ላይ ታጥቤው ነው የምገባው።

ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ ደውዪልኝ። ፈተናው እንዴት ነበር ብለሽ አትጠይቂኝ።
የልጄን ስም ብቻ ጥሪልኝ።