ከወንዙ ማዶ የተደወለ ስልክ በማንሳቷ ስለተቀጣችው አማካሪያችን

ለክቡር ዶክተር ፕሬስተን ሎውማን፣
የግዛታችን የምክር አገልግሎትና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን ያምዎታል ሲሉ ሰማሁ፤ ያን ሁሉ ደንብ ታቅፈው ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ባያምዎት ነበር የሚገርመኝ። እግዜር ይማርዎት። እኔ ቨርሊን ስታምፐር እባላለሁ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ የራንዳልም እናት። ራንዳልን በመልክ ባያውቁት እንኳ ጉዳዩን ያውቁታል፤ በእሱ የተነሳ ነውና አማካሪያችንን ወይዘሮ ኮሪን ሀድልን ለአንድ ዓመት ከሥራ ያገዱልን።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላቅርበው።

አንደኛ፣ ስለ ድልድዩ አመሰግናለሁ። ልጄ ይሠራበት የነበረው የከሰል ጉድጓድ ተደርምሶ ሁለት ጓደኞቹ ከሞቱበት ወዲህ ሰው ማናገር ትቶ ነበር፤ አፉን የፈታው ለኮሪን ብቻ ነው። በኋላ ከወንዙ ማዶ የመስታወት ፋብሪካ ተቀጠረ። ማዶው ግን ሌላ ግዛት ነው፣ የኮሪንም ፈቃድ በእርስዎ ደንብ መሠረት ድልድዩ መሃል ላይ ያልቃል። ስለዚህ ራንዳል ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓቱ ወደኛ ዳር ይሻገርና፣ ነዳጅ ማደያው ግቢ መኪናውን አቁሞ በስልክ ያወራት ነበር። እሱ ብቻ መሰለዎት? እዚያ ግቢ ማክሰኞ ቀን ቢመጡ አምስት ስድስት መኪና ተደርድሮ በየመኪናው አንድ ሰው ሲያለቅስ ያያሉ፤ የማደያዋ ሻጭ ሶፍት በነፃ ታድላለች። ኮሪንም ሰላምታ ሳትሰጥ በፊት የምትጠይቀው፣ «የትኛው ዳር ነህ?» ብላ ነው። ሕግ አክባሪነት ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛ፣ የመጋቢትን ጎርፍ ደንብዎ ውስጥ ስላላስገቡት አመሰግናለሁ። ድልድዩ የተዘጋው፣ እንደ ክፉ አጋጣሚ፣ ጉድጓዱ ከተደረመሰ ልክ ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። ልጄ ማዶ ቀረ። በእኩለ ቀን ደወለላት።

«የትኛው ዳር ነህ?» አለችው።

«ማዶ ነኝ። የውሃው ጠርዝ ላይ።»

በደንቡ መሠረት ኮሪን ይቅርታ ጠይቃ፣ የዚያኛውን ግዛት የስልክ ቁጥር ሰጥታ መዝጋት ነበረባት። እሷ ግን፣ «ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል፤ እኔም የትም አልሄድም» አለችው። በሌላ ስልክ ፋብሪካው ደውላ፣ አለቃው ሮጦ ክንዱን እስኪይዘው ድረስ አልለቀቀችውም። ይኸው ነው ወንጀሏ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቴን ኦርቪልን በክብር ስላስተናገዱት አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ውለታ የዋለን ሰው በአደባባይ ካላመሰገኑ ነውር ስለሆነ፣ ኦርቪል የቀብር ከረባቱን አስሮ ቦርዱ ሕዝብ ወደሚያዳምጥበት ስብሰባ መጣ። «ልጄ ማዶ ሆኖ እንኳ ስልኩን አልዘጋችበትም!» አለ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «ማዶ ነው ያሉት፣ አቶ ስታምፐር?» ብለው ጠየቁት። ምስኪኑ ባሌ ጆሮዎ የደከመ መስሎት፣ «አዎ ጌታዬ፣ ማዶ!» ሲል ጮኸልዎ። በሳምንቱ ምርመራ ተከፈተ። «ምክር የሚሰጠው ተመካሪው በቆመበት መሬት ላይ ነው» ብለው ፈረዱባት። ኦርቪል ከዚያ ቀን ወዲህ ከረባቱን አላሰረም፤ እኔንም ቀና ብሎ አያየኝም።

አራተኛውን ቁጥር ትቼዋለሁ፤ ንዴት አያስቆጥርም። ራንዳል ሥራውን ትቷል። ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፤ በሩ ላይ የማስቀምጥለት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እንዳለ ይመለሳል። ሌላ አማካሪ ፈልጌ ነበር፤ ቅርብ የተባለችው ወረፋ የያዘችልኝ ለመጪው ፀደይ ነው። እፈራለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር። ልጆቹን አድርሼ ስመለስ የገዛ ቤቴን በር ከመክፈቴ በፊት ስሙን ጠርቼ መልስ እጠብቃለሁ። ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ሲጨንቀኝ ጊዜ እኔም ምክር ፈለግሁና ለእርስዎ ደወልኩ። ሐሙስ ሐሙስ በሬዲዮ ለተጨነቀ ሁሉ ምክር ይሰጡ የለ? አውቶቡሴን ሳይሆን የባሌን መኪና ነድቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ማዶ ቆሜ ነው የደወልኩት። «ከየት ነው የምትደውይው፣ እናቴ?» አሉኝ። «ከወንዙ ማዶ» አልኩ። «ለልብ ርቀት ምኑ ነው!» አሉና መከሩኝ። ደግሞ ጥሩ መከሩ፣ አይካድም። ንግግራችንን ሬዲዮ ጣቢያው ቀድቶ ስላስቀመጠው፣ ተመካሪዋ የቆመችበትን፣ እርስዎም ፈቃድ የሌለዎትን መሬት ጠቅሼ ለማዶው ግዛት ቦርድ አቤት ብያለሁ።

ደንብዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎት፣ ወንበርዎም ለወገብዎ እንዲለሰልስ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ቨርሊን ስታምፐር
የራንዳል እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለመደራደር እንዳይመስልዎት፤ አቤቱታው ከትናንት ወዲያ ደርሷል። የኮሪንን ፈቃድ ግን ቢመልሱላት ይሻልዎታል፤ የእርስዎ ሲታገድ የሚያናግሩት ሰው ያስፈልግዎታል፣ በዚህ ዳር ደግሞ ከእሷ በቀር ወረፋ የሌለው የለም። ትቀበያቸዋለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ይደውሉ፣ አነሳላቸዋለሁ» አለች። እኔ ብሆን አላነሳም ነበር።