ስለ አዲሱ የጀልባ ማረፊያና ስላልተላለፈው ግምገማ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ለደሴቶች ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር ሴሚሲ ላቱ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቅዳሜው የእንግዳ አቀባበል ከአዲሱ የጀልባ ማረፊያ ላይ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሂንጋኖ ፋካታቫ በፋንጋሎቶ ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ ዘወትር ዓርብ ጠዋት በድምፅ ማጉያ በሚተላለፈው የተማሪዎች ዜና ላይ የማስታወቂያውን ክፍል አዘጋጅቼ አነባለሁ። ይህ ሥራ የተሰጠኝ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ዜናውን የምናነበው ግን ግድግዳው በፍራሽ በተሸፈነ ዕቃ ቤት ውስጥ ተዘግተን ስለሆነ ማንም አያየኝም። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ዕቃ ቤቷ፣ ዛሬስ ምን ጠፋ?» ይሉኛል፤ የጠፋ ጫማ የማስነግረው እኔ ነኝና። ቢስቁብኝም አንብቤ የነገርኳቸውን ያደርጋሉ። ወደ ክቡርነትዎ ለመጻፍ የተገደድኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

1. የግምገማውን ክፍል የምትሠራው ጓደኛዬ ሉፔ ናት። የመንደራችንን ነገር ሁሉ ትገመግማለች፤ የሱቁን ዳቦ፣ የመዘምራኑን አዲስ መዝሙር፣ የመጣውን ፊልም። ነጥብ የምትሰጠው በኮኮናት ነው፤ ሙሉው አምስት ነው። ድምፁን የምቀርጸው እኔ ነኝ። ከፋሲካ በፊት ባሕር ማዶ ኦክላንድ የሚኖሩ የመንደራችን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩትን የእንጨት ጀልባ ማረፊያ ለመገምገም ሄድን።

2. የእግሯ ድምፅ እንዲገባልኝ ማይክሮፎኑን ጣውላው ላይ አስተኛሁት። ሉፔ እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ቤት ገብቼ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው፣ ከእያንዳንዱ እርምጃዋ በኋላ ከታች ሌላ ምት ይሰማል። ሉፔ ቆማ ስታወራም ምቱ ይቀጥላል። ማዕበል ነው እንዳልል በዚያን ቀን ባሕሩ ተኝቶ ነበር። በማግሥቱ ውኃው እንደ ልማዱ ከባሕሩ ዳር ሲሸሽ ወርደን አየን። ከጫፉ ሦስተኛው ምሰሶ ሥሩ አሸዋ ላይ ነው፣ ዐለት አልነካም፤ አሸዋውም ተበልቶ እጄ በሥሩ ያልፋል። ሉፔ አጎንብሳ አየችና «ይሄ ምሰሶ ነው እንዴ? የተንጠለጠለ ሙዝ ነው እንጂ» አለች። በግምገማዋም «ሁለት ኮኮናት፤ ያውም አንዱ ባዶ» ብላ ነጥብ ሰጠችው። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄጄ እንደገና ቀርጫለሁ። ምቱ አሁን ከበድ ብሏል፤ ቶሎም አይቆምም።

3. ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ሳኔ ቫካ ግምገማውን ከመተላለፉ በፊት ሰምተው አስወጡት። እርሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ ደግ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ጠርተውን ያሉት ይህ ነው፦ «ልጆቼ፣ ይሄ ማረፊያ ተባርኳል። አሳማ አርደን በልተንበታል። የተበላበት ነገር ላይ ነጥብ አይሰጥም።» ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ይህ እውነት ነው። ፓስተሩ ከጸለዩበትና ድግሱ ከተበላ በኋላ እንከን መፈለግ ለሰጪው «ስጦታህን ውሰድ» እንደማለት ነው። ሰጪዎቹም «የልጆች እሑድ» ለሚባለው የቤተ ክርስቲያን በዓል ቅዳሜ በጀልባ ይመጣሉ። ሉፔ ግን «ታዲያ አሳማው ምሰሶውን ይዞ ያቆመዋል?» ብላ ስለጠየቀች ከዜናው ታግዳለች።

4. ለዚህ ዓርብ እንዳነበው የተሰጠኝ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ የታችኛው ክፍል ልጆች በሙሉ ነጭ ለብሰው ቅዳሜ ጠዋት በማረፊያው ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ እንግዶቹንም በላካላካ ጭፈራ ይቀበላሉ። ላካላካ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይረግጣሉ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይመለሳሉ። የአንዲት ሉፔ እግር ያንን ድምፅ ካወጣ፣ የዚያ ሁሉ ልጅ እግር አንድ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ማሰብ እፈራለሁ።

ከፊት ረድፍ መሃል የምትቆመው ታናሽ እህቴ ፊፊታ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። መሃል መቆም ለቤተሰብ ትልቅ ክብር ስለሆነ እናቴ ልጅቷ እንደ ባህላችን ለበዓል ወገቧ ላይ የምትታጠቀውን አዲስ የቅጠል ምንጣፍ እየሠራችላት ነው። ነገሩን ብነግራት ከሥራዋ ቀና ሳትል «ቀናሽባት እንዴ ልጄ? አንቺ ሰው ፊት መቆም ስላቃተሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለእናቴ አላነሣሁም። ፊፊታ ግን ማታ ማታ እንጨት ወለላችን ላይ ትለማመዳለች፤ እኔ ከእግሯ በኋላ የሚመጣውን ምት እየጠበቅሁ እተኛለሁ። የምትቆምበት ቦታ ልክ ሦስተኛው ምሰሶ አናት ላይ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሙያው ያለው ሰው ልከው ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ምሰሶውን እንዲያስመረምሩልን፣ እስከዚያው አቀባበሉ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ሣር ላይ እንዲደረግ ትእዛዝ እንዲሰጡልን፣ የሉፔም ግምገማ እንዲተላለፍ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሁለቱን የድምፅ ቅጂዎች በፍላሽ አድርጌ አያይዣለሁ። ሲያዳምጡ እባክዎን በጆሮ ማዳመጫ ያድርጉት፤ በመጀመሪያው ቅጂ ሉፔ ማውራት ስትጀምር የእርሷን ቃል ትተው ከታች ያለውን ይስሙ።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ሉፔ እየሮጠች መጣች። እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ወይዘሮ ሳኔ ዓርብን ሳይጠብቁ ራሳቸው ማይክሮፎኑን ከፍተው ሌላ ማስታወቂያ አንብበዋል። እስካሁን ሣር ላይ የነበረው ልምምድ፣ ልጆቹ ቦታውን እንዲለምዱት ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ማረፊያው ይወርዳል። ልጆቹ በደስታ ጮኸዋል አለችኝ። ደብዳቤውን አጎቴ ነገ ጎሕ ሲቀድ ለዓሣ ሲወጣ በጀልባው ያደርስልኛል። እንደገና ለመጻፍ ጊዜ የለኝምና፣ ከላይ «ቅዳሜ» ያልኩትን ሁሉ ክቡርነትዎ «ዛሬ» ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ከአክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሂንጋኖ ፋካታቫ
የተማሪዎች ዜና ማስታወቂያ አንባቢ
ፋንጋሎቶ